ጸሎተ ሃይማኖትን የሚያውቅ ሰው ፍርሃት አይገዛም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ከአዟሪ በኪራይ ተቀብለን፣ አስፋልት ዳር ተቀምጠን አንብበን እንመልስ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የጋዜጣ አንባቢ ነኝ። በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ሐሰተኛ ነቢያትና ስለ ሐሰተኛ አጥማቂዎች በየጊዜው የሚወጡትን አቤቱታዎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በሻጩ ላይ ነው፤ ስለ ሰበሰበው ገንዘብ፣ ስለ ገዛው መኪና፣ ሕግ ስለ ምን እንደማይጠይቀው ይጽፋሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የሚመለከተው አካል ይመልሳቸው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ገዢው ነው፤ በክርስትና ተጠምቆ ያደገ፣ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ፍርሃትን በገንዘቡ ስለ ምን እንደሚገዛ ላመለክት እወዳለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝ አንድ ሌሊት ነው። ባለፈው ዓመት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራራ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ እንደ ነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ የጌታ ልደት ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በሬክተር መለኪያ 5.8 ገደማ የተመዘገበው ርዕደ መሬት ሲደርስ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበርና አልጋዬ ሲወዘወዝ ነቃሁ። በደረጃው የወረደው ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ነጠላ ብቻ የደረበ፣ ሕፃን ያቀፈ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳ አውርዶ ይዞ የወጣም ነበር። እኔ ራሴ ባዶ እግሬን ነበርሁ። ይህን የምጽፈው ሌላው ሲፈራ እኔ አልፈራሁም ለማለት እንዳይደለ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በአንዲት ጎረቤቴ ስልክ የአንድ ሰው ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሰውየው ከተማይቱ በተወሰነ ቀን እንደምትሰምጥ ተገልጦልኛል፣ እኔ የጸለይሁበትን ዘይት የተቀባ ቤት ግን አይነካም ይላል። ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ከየወገኑ አይታጣምና። ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለየምግብ ቤቱ በማስረከብ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሰማዩ ሳይቀላ 3,000 ብር በቴሌብር ላከችለት። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? እውነት ይሆን እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ተይው፣ ውሸት ነው» ከማለት በቀር የምጨምረው አጣሁ። የማላምነውን አውቅ ነበር፤ የማምነውን ግን ለአንዲት ለደነገጠች እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አልቻልሁም። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ የእምነታችን መግለጫ የሆነውን ጸሎተ ሃይማኖትን በግእዝ ሳልተነፍስ የማደርስ ሰው ነኝ። ያ ኀፍረት ይኸው አንድ ዓመት አልፎትም አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ ጸሎተ ሃይማኖትን አውጥቼ፣ ለዚያ ሌሊት የተጻፈ ይመስል ቃል በቃል አነበብሁት። ያስደነቀኝ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። «ሁሉን በያዘ፣ ሰማይንና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ በአንድ አምላክ በእግዚአብሔር አብ እናምናለን» ይላል። «የማይታየውን» የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ማሳመሪያ ቆጥሬው ኖሬአለሁ። ነገር ግን የከተማችን ሰው ከሚፈራው አብዛኛው የማይታየው ነው፤ መተት ይፈራል፣ ድግምት ይፈራል፣ የሰው ዓይን ይፈራል፣ ከአያት የወረደ እርግማን ይፈራል። ቤተ ክርስቲያን ክፉ መንፈስ የለም አላለችም፤ በጥምቀት ሥርዓቷ ላይ ተጠማቂው፣ ሕፃን ከሆነም ስለ እርሱ ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ «እክሕደከ ሰይጣን» እንዲል፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን እንዲመሰክር ታደርጋለች። ነገር ግን የማይታየውም ፍጡር ነው ትላለች። በአንድ ወገን ፈጣሪ አለ፤ በሌላው ወገን ከመላእክት እስከ አጋንንት፣ ከፀሐይ እስከ ትል ያለው ሁሉ አለ፤ በመካከል ከእግዚአብሔር ጋር የሚደራደር ሦስተኛ ኃይል የለም። ይህን በልቡ ያሳደረ ሰው ሊፈራ ይችላል፤ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ኮሽታ ሲሰማ ጸጉሩ ይቆማል፤ ነገር ግን ለፍጡር ኃይል ግብር አይከፍልም።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ «ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የሚል አለ። «አንዲት» የምትለውን ቃል ልብ ይሏል። የዘር እርግማን እቆርጣለሁ የሚለው ሰው ሥራ ጸንቶ የሚኖረው ደንበኛው እየተመላለሰ ሲመጣ ነው፤ ዛሬ የእናት ወገን፣ በሚቀጥለው ወር የአባት ወገን፣ ከዚያ ደግሞ የቅድመ አያት ይቆረጣል፤ ሐረጉ አያልቅም፣ ክፍያውም እንዲሁ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ ጽፎልናል። ምእመኑ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ምን እንደ ተሰጠው ቢያውቅ ኖሮ፣ የተሰጠውን ዕቃ በየወሩ መልሰህ ግዛ የሚለው ነጋዴ ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር።

የዚያን ሌሊት ነገር በቀጥታ የሚመለከተው አንቀጽ ግን ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የሚናገረው ነው። «ዳግመኛም በሕያዋንና በሙታን ይፈርድ ዘንድ በጌትነት ይመጣል፤ ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም» ይላል። ማን እንደሚመጣ ይናገራል፣ ለምን እንደሚመጣም ይናገራል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ ስለ ተናገረ፣ አባቶች በዚህ ላይ ለመጨመር አልደፈሩም። በእኛ አገር «ስምንተኛው ሺህ» የሚባለው ነገር ስንቱን እንዳስፈራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጅ አባቱን ሲሰድብ ስምንተኛው ሺህ ነው፣ ዝናብ በጥቅምት ሲዘንብ ስምንተኛው ሺህ ነው። እስቲ በራሳችን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ እንቁጠረው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ነው፤ ያለንበትን 2018 ዓመተ ምሕረት ብንጨምርበት 7,518 ይሆናል። እንግዲህ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1500 ዓ.ም.፣ ከኢማም አሕመድ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። የፈራነው ስምንተኛው ሺህ ከገባ 518 ዓመት ሆኖታል። አባቶቻችን በዚሁ ሺህ ውስጥ ጎንደርን ገንብተዋል፣ ዓድዋ ዘምተዋል፣ አዲስ አበባን ቆርቁረዋል፣ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ስመዋል።

ይህን ስል እኔም አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። በወጣትነቴ «ይህን ጽሑፍ ገልብጠህ ለዘጠኝ ሰው ካላደረስህ መቅሠፍት ያገኝሃል» የሚል ወረቀት ደርሶኝ፣ በመብራት ሥር ተቀምጬ ዘጠኝ ጊዜ በእጄ ገልብጬ በየጎረቤቱ በር ሥር አስገብቻለሁ። ዛሬ ያው ወረቀት በስልክ ይመጣል፤ የተሻለው የእጅ ድካም ስለሌለበት ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በመንፈስ ቢሆን፣ በቃል ቢሆን፣ ወይም ከእኛ የመጣ በሚመስል መልእክት ቢሆን፣ የጌታ ቀን ደርሷል ብላችሁ ቶሎ አትናወጡ ብሏቸዋል። የሐዋርያ ስም የለጠፈ የሐሰት ደብዳቤ በዚያን ዘመንም ይዞር ነበር ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በምዕራፍ 3 የሰጣቸው ምክር ነው፤ ሥራ ለፈቱት ሰዎች በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ ያዛቸዋል። የጎረቤቴ ምጣድ በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ሳይጣድ ዋለ፤ ከተማይቱ ከሰመጠች እንጀራውን ማን ይረከባል በሚል ነው። ምድር አልሰመጠችም፤ እርሷ ግን ሁለት ደንበኞች አጣች።

ስለ ርዕደ መሬቱም ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ ከሃይማኖት ውጭ አይደለምና። አገራችን የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አገር ናት፤ በሸለቆው ግራና ቀኝ ያለው የምድር ንጣፍ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እየተራራቀ ይሄዳል፣ ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ ምድር ትናወጣለች። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው መናወጥ ቤት ያፈረሰ ነበርና አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያነሡት ነበር። ከቤቴ በእግር በሚደረስበት በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት አለ፤ በዚያ ሰሞን የተቋሙ ባለሙያዎች በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ የመናወጡን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ መናገር እንደማይቻልም በግልጽ ይናገሩ ነበር። እንዴት ያለ ነገር ነው! መሣሪያ ያለው ሰው አላውቅም ሲል፣ ስልክ ብቻ ያለው ሰው አውቃለሁ አለ። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አንድ አምላክ አለ ብሎ የሚያምን ክርስቲያን የባለሙያውን ቃል የሚሸሽበት ምክንያት የለውም፤ ምድር የራሷ ሥርዓት ያላት የእግዚአብሔር ሥራ ናትና፣ ሥርዓቷን የሚያጠና ሰው የክርስቲያን ባላጋራ አይደለም። ዳዊትም በመዝሙር 45 ምድር ብትነዋወጥ አንፈራም ሲል፣ ምድር አትነዋወጥም አላለም።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ አንድ ቃል አለ፤ ብዙ ጊዜ አልፈነው የምንሄድ ይመስለኛል። ነቢይ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ የተናገረው ነገር ሳይሆን ቢቀር፣ ያ ቃል ከእግዚአብሔር እንዳልሆነና ነቢዩ በድፍረት እንደ ተናገረው ይገልጽና፣ ለእስራኤል የሚሰጠው የመጨረሻ ትእዛዝ «እርሱን አትፍራው» የሚል ነው። በዚሁ ቃል አትመኑት ወይም አትከተሉት ማለት ይቻል ነበር፤ አትፍራው የሚለው ግን የሐሰተኛ ነቢይ ሥልጣን የሚቆመው በምን ላይ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ያ የተነገረው ቀን መጥቶ አለፈ፤ ሰውየው በጸሎቴ ተመለሰ አለ። ጎረቤቴም በመጀመሪያ አመሰገነችው። ትንቢቱ ሳይፈጸም ሲቀርም፣ ሲፈጸምም እኩል የሚያተርፍ ንግድ ከዚህ ሌላ አላየሁም።

ነገሩ ከ3,000 ብር በላይ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ታላቅ እኅቴ ለብዙ ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት ስትወስድ ኖራ፣ አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ «እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣይው» ስላላት ጣለችው። ወራት አልቆየችም። የሰውየውን ስም መጥራት አልፈልግም፤ እኔም ያን ጊዜ አብሬያት ሄጄ ወረፋ ይዤላት ነበርና። የሚቆጨኝ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የሰውየው ቃል ተቃራኒ መሆኑን አለማወቄ ነው። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ በይፋ ተናግረዋል። ጸበልን የምናከብር ሰዎች ይህን ትምህርት ማወቅ ይገባን ነበር። እኅቴን የገደላት እምነቷ አልነበረም፤ እኔና እርሷ ስለ እምነታችን የነበረን ዕውቀት ማነሱ ነው።

የሃይማኖት ትምህርት የሊቃውንት ጉዳይ ነው፣ ለተራ ሰው ቅን ልብ ይበቃዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። እናታቸውን ይጠቅሳሉ፤ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ግን በእምነታቸው የጸኑ እናት። እኔም እናቴን እጠቅሳለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ነገር ግን የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታውቅ ነበር፣ ትርጉሙንም ከነፍስ አባቷ ጠይቃ ነበር። ውዳሴ ማርያም ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ምሥጢረ ሥጋዌን የሚያስተምር ነው፤ ቃል ሥጋ እንደ ሆነ፣ አምላክነቱ ሳይለወጥ ከድንግል እንደ ተወለደ እየደጋገመ ያዜማል። ስለዚህ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ትምህርት አልጎደላትም። በልጅነቴ ሌሊት ፈርቼ ስነቃ «ሰይጣን እኮ ፍጡር ነው ልጄ፣ ተኛ» ትለኝ ነበር። አርዮስም በአራተኛው ምእት ዓመት ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን ክሕደቱን መርከበኛውና ወፍጮ ፈጪው በሚያዜመው ዘፈን አድርጎ አሰራጭቶት ነበር። የሐሰት ትምህርት በዜማ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እውነተኛውም በዜማ ወደ ቤት ይገባል፤ ዛሬ ግን በየስልካችን ቀድሞ የሚደርሰን የፊተኛው ነው።

አርዮስን ካነሣሁ ዘንድ፣ ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይደለ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የጸሎተ ሃይማኖትን መሠረት የጣሉት 318ቱ አባቶች ያወገዙት ትምህርት ቀላል የቃላት ክርክር አልነበረም። ወልድ ፍጡር ከሆነ፣ ያዳነን ራሱ አዳኝ የሚያስፈልገው ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሰው ከሞት ፍርሃት የሚወጣበት በር የለውም። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ስለዚህ ነገር አምስት ጊዜ ተሰድዶ በስደት 17 ዓመት ያህል የኖረው በግትርነት አይደለም። ለእኛ ጳጳስ አድርጎ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ የሾመልን ይኸው አትናቴዎስ ነው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን የሚደግፈው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው አትናቴዎስ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ተካትቶ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቃሉ ማስፈራሪያ ያለበት ነው፤ አገራችሁ በዚህ ሰው የተነሣ ይበከላል ይላል። በዓለም ኃያል የነበረው ንጉሥ አስፈራርቶ የጻፈላት የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸንታ ኖረች፤ እነሆ እኔም በአራት ኪሎ ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት አደርሳለሁ።

ፍርሃት ዘወትር በርዕደ መሬትና በሕመም ብቻ አይመጣም፤ ጠመንጃ ይዞ የሚመጣበት ዘመን ነበር። ከቤቴ ወደ ፒያሳ ወጥቼ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አልፋለሁ፤ በባቡር ሐዲዱ ሥራ ምክንያት ተነሥቶ የነበረውና በኋላ ወደ ስፍራው የተመለሰው ነው። ብፁዕነታቸው ለጣልያን እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲያስገዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ሰው የሚያስታውሰው ግዝታቸውን ነው፤ እኔ ግን ቀደም ብለው የቅኔና የመጻሕፍት መምህር እንደ ነበሩ ማስታወስ እወዳለሁ። በዚያው ወር፣ ከ43 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በኡራኤል ካለው ጸሎት ቤት አገልግለው ሲወጡ በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ። ቀደም ሲል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ነበር። እኔ የእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም፤ ብዙ የምንለያይበት ነገርም አለ፤ ይህን ግን አለመጻፍ አልችልም። ሁለቱም የሚያስተምሩትን ያውቁ ነበር፤ ሰውየው ፊት ለፊት ሲቆም ምን እንደሚያምኑ ለማስታወስ ጊዜ አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሀብት እያለን ስለ ምን ባዶ እጃችንን ሆንን? በእኔ ግምት ሀብቱ ተቆልፎበታል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የብሉያት፣ የሐዲሳት፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት ጉባኤያት አሉ፤ አንድ ደቀ መዝሙር ትርጓሜውን ለመፈጸም ዕድሜውን ያፈሳል። ምእመኑ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የዐውደ ምሕረት ስብከት ብቻ ነው፤ እርሱም ወይ ውዳሴ ወይ ማስፈራሪያ ሲሆን እናያለን። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ስማቸውን የሚቆጥር ብዙ ነው፤ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ስለ ሟች አባቱ ምን እንደሚለው የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ትምህርቱን የቀመሱ አንዳንድ ወጣቶች በቲክቶክ ላይ መሳደቢያ አድርገውታል፤ አርዮሳዊ፣ ንስጥሮሳዊ መባባል ዶክትሪን ማወቅ የሚመስላቸው አሉ። ይህም በበኩሉ ፍርሃት ነው፤ ድምፁ ከፍ ስላለ ድፍረት ይመስላል እንጂ።

ከክቡር አዘጋጁ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ጋዜጣችሁ ስለ «ትንቢት» ዜና ሲደርሰው፣ የነቢዩን ቃል በትልቅ ርዕስ አትሞ በሦስተኛው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ከማስተባበል፣ ቀድሞ የሚያውቁትን ይጠይቅ፤ የየቤተ እምነቱ መምህራን ያ ነገር በመጽሐፍም በአባቶች ትምህርትም እንዴት እንደሚታይ በዚያው ገጽ ይመልሱ። ለቤተ ክርስቲያን አባቶችም በትሕትና የማቀርበው ልመና ይህን ይመስላል፦ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ወስዳችሁ የጸሎተ ሃይማኖትን አንድ ሐረግ ብቻ በአማርኛ ፍቱልን። በዓመት ውስጥ ብዙ ሰንበት አለ፤ ጸሎቱም ረጅም አይደለም። በማኅበርና በተዝካር ላይም፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ ይህ ሊደረግ ይችላል።

እኛ በግቢያችን ካለፈው ጥር ጀምሮ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ የሆኑ ጎረቤቴ ጸሎተ ሃይማኖቱ የእነርሱም እንደ ሆነ ነግረውኝ ጥቂት ጊዜ መጥተዋል፤ ስለ ጥምቀት የተነጋገርንበት ሐሙስ ጨዋታው ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር። የሰበካችን አንድ መምህር በወር አንድ ጊዜ እየመጡ ስሕተታችንን ያርሙልናል። አሁን የደረስነው «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ከሚለው ላይ ነው፤ መምህሩ በግእዙ «ወንሴፎ» የሚለው ቃል መጠበቅን እንጂ መደንገጥን እንደማያመለክት ሲያብራሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ወሰደብን። እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤቴ ከሁላችን ይልቅ ትጠይቃለች፤ ባለፈው ሳምንት ባሏ በዕለተ ምጽአት ያውቃት እንደ ሆነ ጠየቀችና መምህሩ ራሳቸው ጥቂት ዝም አሉ። በሯ ሥር ከዚያ ሌሊት ወዲህ ያዘጋጀችው ሻንጣ ዛሬም አለ፤ የእጅ ባትሪ፣ የታሸገ ውሃ፣ የልጆቿ የልደት ምስክር ወረቀት አለበት፤ እኔም እንዳታነሣው መክሬአታለሁ፣ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ዳር ነውና። የዘይቱ ጠርሙስ ግን አሁን በውስጡ የለም። ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ